የአያት ወረቀት ከሳጥን ሲወጣ፦ የድሮ ኑዛዜ፣ የርስት ውልና የነጋዴ ደብተር እንዴት ይያዛል፣ እንዴት ይነበባል?

«አያታችን አረፉ። ሳጥናቸው ሲከፈት ኑዛዜ፣ የግብር ደረሰኝና የድሮ ውል ወጣ። ላሚኔት ላሠራው?» ይህ ጥያቄ ከደሴም፣ ከወረኢሉም፣ ከባቲም ይደርሰኛል። ጠያቂው ይለያያል፤ ላሚኔቱ ግን አይቀርም። መልሴ «በጭራሽ አይሆንም» ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ። መመሪያውን በቅደም ተከተል ሂዱበት። በተለይ እስከ ደረጃ 4 ያለውን ሳትጨርሱ ለማንበብ አትቸኩሉ፤ ጉዳቱ ሁሉ የሚደርሰው «ምን ይላል?» እያሉ ሲያገላብጡ ነው።

ቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። «በዚህ ወረቀት መሬቱን ማስመለስ ይቻላል ወይ?» ለምትሉ፦ የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከግል ባለቤትነት ወጥተዋል። የቅድመ አያት የርስት ውል ዛሬ የይዞታ ማረጋገጫ አይሆንም። ቤተሰቡ ያኔ ለመኖሪያ ያስቀረው ቤት ካለ ግን የዚያ ቤት ወረቀቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱን ለብቻ አስቀምጡና የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ዋናውን ለማንም አትስጡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ታጥቦ የደረቀ ነጭ አንሶላ (ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ)
- አዲስ፣ ለስላሳና ሰፋ ያለ የቀለም ብሩሽ
- እርሳስ (እስክሪብቶ ከክፍሉ ይውጣ)
- ማስመሪያ
- ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክና ትንሽ ባትሪ
- ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ ታጥቦ የደረቀ አቡጀዴ፣ የጥጥ ክር
- ጠንካራ ካርቶን ወይም ክዳኑ የሚገጥም ሳጥን
- ፍላሽ ዲስክ ወይም ሃርድ ዲስክ
- የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ (ሻጋታ ካለ)

ጓንት አልጻፍኩም። የጨርቅ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፤ የተሰነጠቀ ጠርዝም ይይዝና ይቀዳል። ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። ቅቤም ሆነ ሎሽን የነካው እጅ ግን አይቅረብ።

ጊዜውንም ምረጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ለዚህ ሥራ ይመቻል። ወሎ በልግ አለበትና የካቲት ከገባ ሰማዩን ማመን አይቻልም፤ ክረምቱን ደግሞ የደሴን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ደረጃ 1፦ ሳትፈቱ ፎቶ አንሱ

ሳጥኑን፣ ጥቅሉን፣ የታሰረበትን ጨርቅና ክር እንዳለ ከላይና ከጎን አንሱ። አብረው የታሰሩ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ የአንድ ጉዳይ ናቸው። የሽያጭ ውሉ ከዋሱ ወረቀትና ከግብር ደረሰኙ ጋር ተጠቅልሎ ይገኛል። ፈትታችሁ «ኑዛዜ በአንድ በኩል፣ ደረሰኝ በሌላ በኩል» ብላችሁ ከለያችሁት፣ የትኛው ደረሰኝ የየትኛው ማሳ እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም።

ቁጥር ስጡ፦ ሳጥን 1፣ ጥቅል 3፣ ወረቀት 7፤ በአጭሩ 1-3-7። ቁጥሩ ወረቀቱን በምታስቀምጡበት ማቀፊያ ላይ በእርሳስ ይጻፍ። ዋናው ወረቀት ላይ ምንም አይጻፍ።

ደረጃ 2፦ እርጥበትና ሻጋታ ካለ መጀመሪያ እሱን

እጃችሁ ላይ ቀዝቀዝ ወይም ለስለስ ካለ ወረቀቱ እርጥበት አለው። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋል፣ የምጣድና የከሰል ሙቀት ደግሞ ወረቀቱን ያደርቅና ሲነካ እንዲፈረካከስ ያደርገዋል። የተጣበቁ ገጾችን በግድ አትለያዩ፤ ሲደርቁ በራሳቸው የሚላቀቁ አሉ፣ የማይላቀቁትን ተዉአቸው።

አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ከቤት ውጭ ሥሩ፣ ከሌሎቹም ለዩት። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሻጋታውን ማብዛት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በድሮ ውሎች ላይ ውሃ ሲነካው ወይን ጠጅ ቀለም የሚያወጣ እርሳስ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሲያዩት ተራ ግራጫ እርሳስ ይመስላል። አንዲት የምራቅ ጠብታ ስትነካው ይፈስና ፊርማውንና ምስክሩን አንድ ላይ ይውጠዋል። ስለዚህ ገጽ ለመግለጥ ጣት መላስ ክልክል ነው፤ ሽማግሌዎችንም በአክብሮት ንገሯቸው።

ደረጃ 3፦ አቧራውን አራግፉ፣ እጥፋቱን አላሉ

ብሩሹን ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ውሰዱ። መርፌና ስፒል ዝጎ ወረቀቱን ካልያዘ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ ከያዘ ተዉት። ሲነቀል የሚፈጠረው ቀዳዳ ከዝገቱ ይብሳል።

የታጠፈውን ዘርግታችሁ በሁለት ነጭ ወረቀቶች መካከል አድርጉና ቀለል ያለ ክብደት ጫኑበት፤ ጥቂት ቀን ይቆይ። ካውያ አይነካውም። ብራና ከሆነ ደግሞ ካውያን ማሰብ ራሱ ጥፋት ነው፤ ቆዳ ስለሆነ በሙቀት ይኮማተራል፣ አንዴ ከተኮማተረ አይመለስም። የተጠቀለለ ብራና አልዘረጋ ካለ እስከሚፈቅድ ብቻ ከፍታችሁ ፎቶ አንሱ።

የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ። ሙጫው በጥቂት ዓመት ቢጫ ይሆናል፣ ቀለሙን ይመጥጣል፣ ሲላጥ ፊደል ይዞ ይነሳል። ቁርጥራጩን በቦታው አስቀምጣችሁ በነጭ ወረቀት መካከል ያዙት፤ ይበቃል።

ላሚኔትም በዚህ ምክንያት ነው የሚከለከለው። ፕላስቲኩ በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል፣ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀራል፣ ወረቀቱን ሳይጎዱ መላጥ ደግሞ አይቻልም። የጉልህ ማኅተም እብጠትም ይዳጣል። የምር ላሚኔት ካማራችሁ ኮፒውን አሠሩ።

ደረጃ 4፦ ፎቶ

1. ጠረጴዛውን ከመስኮት አጠገብ አድርጉ፤ ፀሐይ በቀጥታ አይግባ። ፍላሽ አጥፉ።
2. ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ያዙ። ዘንበል ካለ መስመሩ ይጣመማል፣ በኋላ ማንበብ ያደክማል።
3. ማስመሪያውና የቁጥሩ ወረቀት አብረው ይታዩ። መጠኑ ራሱ መረጃ ነው።
4. ፊቱን ሙሉ፣ ጀርባውን ሙሉ አንሱ፤ ጀርባው ባዶ ቢሆንም። ጀርባ ላይ «ይህ የእገሌ ማሳ ነው» የሚል የአያት እጅ ጽሑፍ፣ የተከፈለ ዕዳ ማስታወሻ ይገኛል።
5. ማኅተሙን፣ የጣት አሻራውንና ቴምብሩን ለየብቻ አቅርባችሁ አንሱ።
6. ክፍሉን አጨልሙና ባትሪውን ከጎን፣ ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አብሩ። ቀለሙ የጠፋ ፊርማ ብዕሩ የጫነበት ጎድጎዳ ጥላ ስለሚጥል ሊታይ ይችላል። ቀለም ያልነካው ማኅተምም እንዲሁ።

የተለመዱ ስህተቶች፦ በስካነር አፕ ጥቁርና ነጭ ማድረግ (ሐምራዊው ማኅተም ከጥቁሩ ጽሑፍ ጋር ይቀላቀላል)። በቴሌግራም እንደ ፎቶ መላክ (ይጨመቃል፤ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ)። ሁሉን ነገር ስልክ ላይ ብቻ መተው።

ቅጂው ሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ሌላ ከተማ። በ2014 ጦርነት የደሴ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል፤ የግለሰብ ቤት ሳጥንማ ምን ይተርፋል።

ደረጃ 5፦ የወረቀቱን ዓይነት ለዩ

ዓይነቱን ሳታውቁ ማንበብ ስትጀምሩ የማይነበበውን ቃል በግምት ትሞሉታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መግቢያውን፣ መጨረሻውንና የምስክሮቹን ቦታ ብቻ እዩ።

*ኑዛዜ።* የክርስቲያኑ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይጀምርና የነፍስ አባት ከምስክሮቹ መካከል ይኖራል። መጨረሻው ላይ ያፈረሰውን የሚገዝት ቃል መኖሩ የተለመደ ነው። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በኋላ የተጻፈ ከሆነ ምስክር ቁጠሩ፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። አራት ስም ፈልጋችሁ ሦስት ብቻ ካገኛችሁ የተቀደደ ጠርዝ ወይም የጠፋ ገጽ መኖሩን ጠርጥሩ።

*የሙስሊም ቤተሰብ ኑዛዜና የውርስ ክፍፍል።* እነዚህን ሁለቱን ብዙ ሰው ያደባልቃል። ኑዛዜ (ወሲያ) በሸሪዓ ከንብረቱ ሲሶ አይበልጥም፣ ወራሽ ላልሆነ ሰው ወይም ለበጎ ሥራ የሚተው ነው። ወረቀቱ ለሚስት ስምንተኛ፣ ለወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ እያለ ከሄደ ግን ሟቹ ከሞተ በኋላ የተጻፈ ክፍፍል ነው። ልዩነቱ የቀኑን ትርጉም ይቀይራል፦ በመጀመሪያው ሰውየው በሕይወት አለ፣ በሁለተኛው የለም። የቃዲ ማኅተም ካለበት ለብቻ አንሱት።

*የሽያጭ ውል።* ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋጋ፣ ዋስ፣ ምስክር፣ አዋሳኝ። አዋሳኙን አትዝለሉ፤ «በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ ወንዙ» የምትለዋ መስመር የጎረቤት ቤተሰቦችን ስም የምታስቀምጥ ናት።

*የነጋዴ ደብተር።* የባቲ ሰኞ ገበያ ዕቃ፣ የጨው፣ የቡና፣ የአቡጀዴ ሒሳብ፣ የብድር ስም ዝርዝር። እዚህ ላይ የተሰረዘ መስመር ሁልጊዜ ስህተት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተከፈለ ዕዳ ነው። ለሁለት የተቀደደ የብድር ወረቀትም እንዲሁ፤ ዕዳው ሲያልቅ ሆን ተብሎ ሊቀደድ ይችላልና «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት።

*ሰማንያ።* የጋብቻ ውል ነው። ጥሎሹና ንብረቱ ስለሚዘረዘር ለዘር ቆጠራ ከኑዛዜ አያንስም።

*የጉልትና የርስት ጽሑፍ በወንጌል ኅዳግ።* ይህ ሳጥናችሁ ውስጥ አይገኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። የሐይቅ እስጢፋኖስ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እንደዚህ ያሉ ጽሑፎችን ይዟል። ለማየት የገዳሙን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፣ ግዕዝ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶ ሳይፈቀድ አይነሳም።

ደረጃ 6፦ ፊደል በፊደል ገልብጡ

መስመሩን እንደ መስመሩ ጻፉ። ጸሐፊው «ሐ» ካለ «ሐ»፣ «ሀ» ካለ «ሀ»፤ ዛሬ ስህተት የምንለውንም እንዳለ። ያልተነበበውን [...]፣ የተጠራጠራችሁበትን ከጎኑ [?] አድርጉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንድ ጸሐፊ አጻጻፉ እንደ እጁ አሻራ ነውና ስሙ የሌለበትን ሌላ ወረቀት ማን እንደጻፈው በዚያ ልታውቁ ትችላላችሁ። ካረማችሁት ጠፋ።

ጋሻን፣ ጥማድን፣ ቀላድን ወደ ሄክታር፣ ዳውላንና ቁናን ወደ ኪሎ አትቀይሩ። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ግድም ይባላል እንጂ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለገንዘብ ሲሆን ደግሞ «ጠገራ» (የማርያ ቴሬዛ ብር) ነው፣ «ሊሬ» (የጣሊያን ገንዘብ) ነው፣ በደፈናው «ብር» ነው የሚለውን በትክክል ያዙ፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልጋል።

በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ከሆነ ቋንቋው ዓረብኛ ላይሆን ይችላል። በወሎ አማርኛን በዓረብኛ ፊደል መጻፍ (ዓጀም) የቆየ ነው። ዓረብኛ የተማረ ወጣት «አይገባኝም» ስላለ ተስፋ አትቁረጡ፤ ዓጀም የሚያነብ ሸኽ ፈልጉ። ድምፅ እየቀዳችሁ ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ። የዓረብኛ ፊደል የአማርኛን አናባቢዎች ሁሉ ስለማይለይ አንድ ቃል በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል፤ የአካባቢውን የሰውና የቦታ ስም የሚያውቅ ሰው ነው የሚለየው።

ደረጃ 7፦ ቀኑን አረጋግጡ

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት እዚህ ነው፣ ከሁሉ የሚጣፍጠውም ሥራ ይኸው ነው። በደበዘዘ እጅ ጽሑፍ ፮ እና ፯ ይመሳሰላሉ። እንበልና ወረቀቱ «ጥር ፲፪ ቀን ሰኞ፣ ዘመነ ዮሐንስ» ይላል፤ ዓመቱ ፲፱፻፲፮ ይሁን ፲፱፻፲፯ አልለይ አለ።

ሀ. *ወንጌላዊው።* በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ። 1916 + 5500 = 7416፤ ቀሪ የለም፣ ዮሐንስ። 1917 ቢሆን ቀሪው 1፣ ማቴዎስ። ስለዚህ 1916።

ለ. *ዕለቱ።* 7416ን ለ4 ያካፈላችሁበትን ድርሻ (1854) መልሳችሁ ደምሩ፦ 9270። ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2። ያለ ቀሪ ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ የ1916 መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ። እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ የወር መጀመሪያ በሁለት ዕለት ይገፋል፦ ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 እሑድ፣ ታኅሣሥ 1 ማክሰኞ፣ ጥር 1 ሐሙስ። ጥር 12 ሰኞ። ገጠመ።

ዓመቱ ጨርሶ የጠፋ ከሆነ ወንጌላዊውና ዕለቱ አብረው በየ28 ዓመቱ ይደጋገማሉ። ያው ጥር 12 ሰኞ፣ ዘመነ ዮሐንስ በ1888ም፣ በ1944ም አለ። ከሦስቱ የሚመርጥላችሁ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው። ሊሬ ከተጠራ ጣሊያን ከነበረበት ከ1928 እስከ 1933 ያለውን ዘመን አስቡ። ማዕረግም ይረዳል፤ የወሎው ገዥ ሚካኤል «ንጉሥ» የተባሉት በ1906 ነው፣ ከዚያ በፊት «ራስ» ናቸው። ግን ተጠንቀቁ፦ «በንጉሥ ሚካኤል ጊዜ የተሰጠን» የሚል ወረቀት ብዙ ቆይቶ የተጻፈም ሊሆን ይችላል።

ሐ. *ሒጅራ (የእስልምና ዘመን አቆጣጠር)።* የጨረቃ ዓመት ስለሚያጥር ቀጥታ ቁጥር መቀነስ አያዋጣም። የሒጅራውን ዓመት በ0.97 አባዙና 614 ደምሩ፤ አንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ይላል። 1336 በዚህ ስሌት 1910 ይመጣል፤ ያ ዓመት በእርግጥም ጥቅምት 1910 ላይ ነው የገባው። ወሩና ቀኑ ካለ በመቀየሪያ አፕ አጥሩት።

ደረጃ 8፦ የሰውና የቦታ ስም ዝርዝር

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፦ ስም፣ ማዕረግ፣ በወረቀቱ ያለው ሚና (ሻጭ፣ ዋስ፣ ዳኛ፣ ምስክር)፣ የወረቀት ቁጥር። ወሎ ውስጥ አንድ ሰው በሁለትና በሦስት ስም ይገኛል፦ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ እስልምናውን ሲለውጥ ወይም ወደ እስልምና ሲገባ የወጣለት ስም። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ስለዚህ «ይህ ሙስሊም ነው፣ የእኛ ወገን አይደለም» ብላችሁ ስም አትጣሉ። ሁለት ስም የአንድ ሰው መሆኑን እስካላረጋገጣችሁ ደግሞ አታዋህዱ፤ «ምናልባት ያው» ብላችሁ አያይዙ።

ቦታውን ወረቀቱ እንደሚለው ጻፉና የዛሬውን ከጎን ጨምሩ። በጠቅላይ ግዛቱ ዘመን ወሎ ላስታን፣ ዋግን፣ ራያና ቆቦን፣ አውሳን ጨምሮ ነበር። «ወሎ» የሚል ማኅተም ያለበት የዋግ ወረቀት ዛሬ ዋግ ኽምራ፣ የአውሳው አፋር ክልል ነው የሚፈለገው።

ደረጃ 9፦ አቀማመጥ

እያንዳንዱን ወረቀት በታጠፈ ነጭ ወረቀት ውስጥ፣ ጥቅሉን በአቡጀዴ፣ አቡጀዴውን በሳጥን። ላስቲክ ማሰሪያ አይሁን፤ ይቀልጣል። የታሸገ ፌስታልም አይሁን፤ ያልበዋል። ደሴ፣ ወገልጤና፣ መካነ ሰላም አካባቢ ጠላታችሁ እርጥበት ስለሆነ ሳጥኑ ከውጭ ግድግዳ ይራቅ። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ባቲ ደግሞ ሙቀትና ምስጥ ነውና ከመሬት ከፍ ይበል፤ የቆርቆሮ ሳጥን ከሆነ ውስጡን በጨርቅ ሸፍኑ። ጭስ ያለበት ማድ ቤት የትም አይሆንም። ናፍታሊን ከተጠቀማችሁ ወረቀቱን አይንካ። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ክፈቱና እዩ።

ደረጃ 10፦ ለሌላ ሰው ማሳየትና መስጠት

ለተመራማሪ ቅጂ ስጡ፤ ዋናውን ቤታችሁ መጥቶ ይይ። ዋናውን በአደራ ለማስቀመጥ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አሉ፤ ቅርብ ከፈለጋችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጠይቁ። የትም ስጡ የት፣ በቁጥር የተዘረዘረ፣ የተፈረመና ማኅተም ያለበት መረከቢያ ሳትይዙ አትውጡ። መረከቢያው ላይ ስጦታ ይሁን አደራ በግልጽ ይጻፍ፤ ይህ ካልተጻፈ በኋላ መልሱልኝ ስትሉ መከራከሪያ አይኖራችሁም።

«ብራናውን እገዛለሁ» የሚል ሰው ቤት ድረስ ከመጣ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን ንገሩት። ፎቶ ላንሳ ቢልም አትፍቀዱ፤ ስሙንና የመጣበትን ቀን ጽፋችሁ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ሳጥኑን ማን እንደያዘው የሚገልጽ ዝርዝርም ጻፉና ከወንድምና ከእህት ለአንዱ ቅጂውን ስጡ፣ ቁልፉን ግን አንድ ሰው ይያዝ።